ሰባት፣ ሰባት፣ ስድስት

ትናንት ከሥራ የገባሁት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የመጨረሻውን ተሳፋሪ ከቶሮንቶው ፒርሰን አውሮፕላን ማረፊያ አንስቼ ሚሲሳጋ አደረስኩ። ከዚያ ቤቴ በር ላይ መኪናዬን አቁሜ ትንሽ ሙዚቃ ሰማሁ። ሚስቴ ይሄን ልማዴን አትወደውም። «ቤት የለህም ወይ?» ትለኛለች። ቤትማ አለኝ። ቤት ውስጥ ግን ጮክ አድርጎ መስማት አይቻልም።

የሰማሁት ረሽ የሚባለውን የሮክ ባንድ፣ የቶሮንቶ ልጆችን ነው። ልጆች የምላቸው ለምዶብኝ እንጂ ጌዲ ሊ እና አሌክስ ላይፍሰን ሰባን አልፈዋል። ድራም መቺያቸው ኒል ፐርት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ አርፏል። ሲዲውን ባለፈው ሰመር አንድ ጎረቤት ያገለገለ ዕቃውን በር ላይ ሲሸጥ በአንድ ዶላር ገዛሁት። «ፊድባክ» ይላል። የሠላሳ ዓመት በዓላቸውን ምክንያት አድርገው እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጡት ነው።

ስምንት ዘፈን ብቻ። ሃያ ሰባት ደቂቃ ገደማ። አለቀ።

መጀመሪያ የገረመኝ ይሄ ነው። እነዚህ ሰዎች እኮ በ1976 የሸክላቸውን አንድ ገጽ ሙሉ በአንድ ሥራ የሞሉ ናቸው፤ ሃያ ደቂቃ! ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚሉት ነገር እንዲህ ነው። ምቱን ለመድኩት ስትል ይቀይሩብሃል። እግርህን ልታወዛውዝ ስትጀምር ያደናቅፉሃል። በችክችካ ላደገ ሰው መጀመሪያ ላይ ራስ ምታት ነው። እና የሠላሳ ዓመት በዓል ሲሆን ከዚያም የገዘፈ ነገር ትጠብቃለህ። እነሱ ግን የሌሎች ሮከኞችን፣ የኤዲ ኮክራንን፣ የያርድበርድስን፣ የ«ዘ ሁ»ን፣ የባፋሎ ስፕሪንግፊልድን ዘፈኖች ተጫወቱ። የራሳቸው አንድም የለበትም። ኒል ከሲዲው ጋር ባለው ማስታወሻ ላይ ወደ 1966 እና 67 እንደተመለሱ ይናገራል። ያኔ የ13 እና የ14 ዓመት ጀማሪዎች ነበሩ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ አልኩ። ቡድኑ የተመሠረተው በ1968 ነው፣ በሌላ ድራም መቺ። ሠላሳውን የቆጠሩት ግን ከ1974 ነው። የመጀመሪያ አልበማቸው የወጣውም፣ ኒል የገባውም በዚያ ዓመት ነው። ገብቶ ሁለት ሳምንት ያህል እንደሆነው ፒትስበርግ መድረክ ላይ አወጡት። ስድስቱን ዓመት እንደ እርግዝና ቆጥረውት ይሆናል።

ይሄን የማነሳው በምክንያት ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ዋሽንግተን ያለው ጓደኛዬ ደውሎልኝ ነበር። ድሮ አዲስ አበባ የሰርግ ባንድ ነበረን። እሱ ኪቦርድ፣ እኔ ቤዝ ጊታር። «ሠላሳ ዓመታችን እኮ ነው!» አለኝ። እሱ የሚቆጥረው ያቺን አሮጌ ያማሃ ኪቦርድ ከገዛንባት ቀን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1988 ዓ.ም.። እኔ የምቆጥረው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተከፈለን ሰርግ ነው፣ ከዓመት በኋላ። በዚህ ብቻ ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ዋናውን ነገር አመጣው። እዚያ ስቱዲዮ ያለው ሰው አግኝቷል። ሄጄ የራሳችንን ሥራዎች እንቅረጽ ነው የሚለው።

የራሳችን ሥራዎች! አንድ ተኩል ናቸው። ግማሽ ያልኩት ግጥሙ ሳያልቅ የቀረውን ነው።

እኛ የኖርነው በሰው ዘፈን ነው። ጉራግኛው፣ ኦሮምኛው፣ ትግርኛው፤ ሙሽራዋ ስትገባ፣ ኬኩ ሲቆረስ፣ ሚዜዎቹ ላብ በላብ ሲሆኑ። ሰው ትከሻውን የሰበቀው በሰው ዘፈን ነው። በራሳችን በአንዱ ግን ሁሉም ወደ ምግቡ ይሄድ ነበር። እውነቴን ነው።

ረሾችን ስሰማ አንዳንዴ የማውቃቸው ይመስለኛል። የጌዲ እናትና አባት ከፖላንድ የመጡ፣ ከናዚ ማጎሪያ ካምፕ የተረፉ አይሁዶች ናቸው። ስሙ ጋሪ ነበር። እናቱ በፖላንድ አነጋገሯ ስትጠራው «ጌዲ» ሆነና በዚያው ቀረ። አሌክስ ደግሞ የሰርብ ስደተኞች ልጅ ነው። ላይፍሰን የሚለው የቤተሰቡ ስም ትርጉም ነው፤ በእኛ ወልደ ሕይወት ማለት ነው። ወልደ ሕይወት የሚባል ጊታር ተጫዋች! ኮልፌ ቢወለድ ከእኛ ጋር ይጫወት ነበር። እኔንም እዚህ የሥራ ባልደረቦቼ ስሜን ከሁለት ከፍለው ግማሹን ነው የሚጠሩኝ።

ጌዲ ቤዝ እየተጫወተ ይዘፍናል። በዚያ ላይ በእግሩ የኪቦርድ ፔዳል ይረግጣል። እኔ ቤዝ ይዤ ማስቲካ ማኘክ አቅቶኝ ያውቃል።

ከሥራዎቻቸው አንዱ የፒርሰን አውሮፕላን ማረፊያን መለያ ሦስት ፊደላት፣ YYZን፣ በሞርስ ኮድ ይመታል፤ ፊደልን በረጅምና በአጭር ምልክት በሚገልጸው የቴሌግራፍ ቋንቋ። በ1981 የወጣ ነው፣ የሚዘፈን ግጥም የለበትም። ረጅሙን ምልክት ሁለት፣ አጭሩን አንድ እያልክ ብትቆጥረው ሰባት፣ ሰባት፣ ስድስት ይመጣል። ሃያ ዓመት ሙሉ ተሳፋሪ የምጠብቅበት ቦታ ምት እንዳለው አላውቅም ነበር። አሁን ተራ ስጠብቅ መሪው ላይ እመታዋለሁ። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ ከኋላ ሆኖ አብሮኝ መታ። ዋጋው ላይ ጥሩ ጉርሻ ጨመረልኝ።

ጌዲና አሌክስ እ.ኤ.አ. በ2026 ወደ መድረክ እንደሚመለሱ ተናግረዋል። ድራሙን አኒካ ኒልስ የምትባል ጀርመናዊት ነች የምትመታው። ዜናውን ሳነብ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ሆዴ ባባ። የእኛም ድራም መቺ አርፏል፣ አራት ዓመት ሆነው። ቀብሩን በስልክ ነው ያየሁት፤ እዚያው መኪና ውስጥ፣ ተራ እየጠበቅኩ።

ዛሬ ጠዋት ወደ ዋሽንግተን ደወልኩ። «እመጣለሁ፣ ግን የሰርጎቹን ዘፈን ነው የምንጫወተው» አልኩት። ይከራከራል ብዬ ነበር። ዝም አለ። «ማን ይመታል?» አለኝ። በኮምፒውተር ድራም እንዳይለኝ ፈርቼ ነበር፣ አላለም። እኔም መልስ አልነበረኝም። «ለጊዜው ሁለታችን እንለማመድ» ተባብለን ዘጋነው።

ቤዙን ከአልጋ ስር አወጣሁት። ክሩ ዝጓል። ጣቴም እንደ ሕፃን ጣት ለስልሷል፤ ገና አምስት ደቂቃ ሳልጫወት አቃጠለኝ። ሚስቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አየችኝና «መኪናው ተበላሸ እንዴ?» አለች።