ማኅተም የሌላቸው ደብዳቤዎች

ለንደን፣ ሐሙስ ኦክቶበር 2 ቀን 2025

ዛሬ ከሥራ ስመለስ ፖስታ ቤት ጎራ ብዬ የመኪና ማቆሚያ ክፍያ ለሚጠይቁኝ ጠበቆች አንድ ደብዳቤ ላክሁ፤ መላኬን የምታረጋግጠውን ትንሽ ወረቀትም ያለ ክፍያ ተቀበልሁ። ደብዳቤው አንድ ገጽ ተኩል ቢሆን ነው፤ ለመጻፍ ግን ሰባት ወር ፈጅቶብኛል። ከሰባቱ ወር ስድስቱን ያሳለፍሁት የሚመጣልኝን ፖስታ ሳልከፍት ወጥ ቤት ካለው መሳቢያ ውስጥ በመክተት ነው።

ነገሩ የተጀመረው ፌብሩዋሪ 9፣ እሑድ ዕለት ነው። ታናሽ ወንድሜ መኪናዬን ተውሶ ለአንድ ሐዘን ቤት ውሃና ኩባያ ሊያደርስ ሄደ። ከገበያ ማዕከሉ ዕቃውን ከገዛ በኋላ መኪናዋን እዚያው የደንበኞች ማቆሚያ ትቶ በእግሩ ወደ ሐዘን ቤቱ ተሻገረ። ማቆሚያው የሚፈቅደው ሁለት ሰዓት ሲሆን እሱ የቆየው ሁለት ሰዓት ከአርባ አንድ ደቂቃ ነው፤ ሐዘንተኛ ፊት ተቀምጦ ሰዓት ማየት ነውር መሆኑን እዚህ አገር ላለ ካሜራ ማን ያስረዳዋል? በመግቢያውና በመውጫው ላይ የተሰቀሉት ካሜራዎች ሰሌዳዋን አንብበዋል። መስታወቷ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ግን አልነበረም፤ ይህች ጥቃቅን ነገር በኋላ ትልቅ ሆና መጣች።

መኪናዋ የተመዘገበችው በእኔ ስም ስለሆነ ማቆሚያውን የሚያስተዳድረው የግል ኩባንያ ስሜንና አድራሻዬን ከመንግሥት የተሽከርካሪ መዝገብ ክፍል፣ ከዲቪኤልኤ፣ በ2 ፓውንድ ከ50 ፔንስ አውጥቶ መቶ ፓውንድ እንድከፍል ጻፈልኝ፤ በ14 ቀን ውስጥ ከከፈልሁ ስድሳ ይበቃዋል። ደብዳቤውን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ጋሼ የምንላቸው አባት በአንድ ዓይናቸው አይተው መለሱልኝ። «የካውንስል፣ የአካባቢው አስተዳደር፣ ቢሆን ክፈይ እልሽ ነበር፤ ይሄ የግል ነጋዴ ነው። ማን እንደነዳት አያውቅም። ጣይው የኔ ልጅ፤ ግመሎቹ ይሄዳሉ፣ ውሾቹ ይጮኻሉ» አሉኝ። እኔም ጣልሁት።

ጋሼን አልወቅሳቸውም። ወደዚህ አገር በመጡበት ዘመን ምክራቸው ትክክል ነበር። የግል ማቆሚያ ክፍያ በሕግ ዓይን መቀጮ ሳይሆን የውል ጉዳይ ነው፤ መኪናውን ያቆመው ሰው በተሰቀለው ማስታወቂያ ተስማምቷል ተብሎ ይወሰዳል፣ ስለዚህ ዕዳውም የሚያርፈው በነጂው ላይ ነበር። ባለቤቱ ዝም ካለ ኩባንያው ማንን ይክሰስ? የቀራቸው መፍትሔ ጎማ በብረት መቆለፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የነጻነቶች ጥበቃ ሕግ ግን ከዚያው ዓመት ኦክቶበር 1 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ በግል መሬት ላይ ጎማ መቆለፍን ከለከለና ለኩባንያዎቹ ምትክ ሰጣቸው፤ በሕጉ አራተኛ ሠንጠረዥ የተደነገጉትን ሁኔታዎች ካሟሉ ነጂው ባይታወቅም መኪናው በስሙ ከተመዘገበው ሰው ላይ ገንዘቡን መጠየቅ ይችላሉ። የእኛ ሰው ምክር ግን ከ2012 ወዲህ አልታደሰም፤ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ እስከ ዛሬ ይመከራል።

በአፕሪል የዕዳ አስመላሾች ደብዳቤ መጣ፤ ዕዳዬ 170 ፓውንድ ሆኗል። በሜይ ሌላ፣ በጁን ሌላ መጣ፤ ቀይ ቀለሙ እየጨመረ ሄደ። አባቴ ቤት ሳለሁ ከቀበሌ ወይም ከወረዳ ፍርድ ቤት የመጣ ወረቀት ሲደርስ መጀመሪያ የሚታየው ማኅተሙ ነበር፤ ማኅተም የሌለው ወረቀት አባቴ ዘንድ ወረቀት አይባልም። እነዚህ ደብዳቤዎች ማኅተም አልነበራቸውም፣ እኔ ግን ፍርድ ቤት የሚለውን ቃል ባየሁ ቁጥር እጄ ይቀዘቅዝ ነበር። ዛሬ ረጋ ብዬ ሳነባቸው የሚያስፈራው ዐረፍተ ነገር ሁሉ «ሊሆን ይችላል» በሚል ያልቃል፤ ክስ ሊመሠረት ይችላል፣ የብድር ታሪክሽ ሊበላሽ ይችላል። ዕዳ አስመላሽ በር ሰብሮ የመግባትም ሆነ ዕቃ የመያዝ ሥልጣን የለውም፤ ባሊፍ የሚባለው ፍርድ አስፈጻሚ የሚመጣው ተከስሶ፣ ተፈርዶ፣ ፍርዱም ሳይከፈል ሲቀር ነው።

የሴፕቴምበር 8ቱ ደብዳቤ ግን ሌላ ነበር። የላከው የጠበቆች ድርጅት ሲሆን አብሮት የመልስ መስጫ ቅጽ ተያይዟል፤ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠሁ ክስ እንደሚመሠርቱም ይገልጻል። ቀለሙ ጥቁር፣ አነጋገሩም ጨዋ ነበር፤ ሊያስፈራኝ የሚገባው እርሱ ሆኖ ሳለ ሳልከፍተው ልወረውረው ምንም አልቀረኝም ነበር። ያዳነችኝ አብራን የምትዘምር አንዲት እህት ናት። እሷ ቤት ከቀየረች በኋላ የክሱ ወረቀት በቀድሞው አድራሻ ደርሶ ኖሮ በሌለችበት ተፈርዶባት ነበር፤ ያወቀችው ስልክ በኮንትራት ልትገዛ ሄዳ ሲከለክሏት ነው። እንዲህ ያለ ፍርድ በአንድ ወር ውስጥ ካልተከፈለ በመዝገብ ላይ ስድስት ዓመት ይቆያል፤ ለማሰረዝ የሚቀርበው ማመልከቻ ብቻውን ከ300 ፓውንድ በላይ ይጠይቃል።

ባለፈው እሑድ ማታ መሳቢያውን ገለበጥሁት። ፖስታዎቹን በቀን ቅደም ተከተል ወለሉ ላይ ደርድሬ ማንበብ ጀመርሁ። ለአርባ አንድ ደቂቃ መቶ ፓውንድ መጠየቅ ግፍ ነው ብዬ ልከራከር አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ይህ በር ከተዘጋ አሥር ዓመት ሊሆነው ነው። ባሪ ቢቪስ የተባለ ሰው ቼልምስፎርድ ከተማ ውስጥ በነጻ ከተፈቀደው ሁለት ሰዓት 56 ደቂቃ አሳልፎ 85 ፓውንድ ሲጠየቅ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ድረስ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ግን በኖቬምበር 4 ቀን 2015 ማስታወቂያው ግልጽ ነው፣ ኩባንያውም ቦታው ለሌሎች እንዲለቀቅ የማድረግ ተገቢ ጥቅም አለው ብሎ ፈረደበት። ፍርዱ ባያስደስተኝም ስሕተት ነው ለማለት አልደፍርም፤ ወንድሜም ቢሆን የገበያ ማቆሚያውን የሐዘን ቤት ማቆሚያ አድርጎታል።

ከዚያ ዓይኔ የመጀመሪያው ደብዳቤ ቀን ላይ አረፈ፤ ማርች 5 ይላል። መስታወት ላይ ወረቀት ካልተለጠፈ፣ ለባለቤቱ የሚላከው ማስታወቂያ መኪናው ከቆመበት ማግሥት ጀምሮ ባለው 14 ቀን ውስጥ መድረስ እንዳለበት ያው የ2012ቱ ሕግ ይደነግጋል። አሥራ አራቱ ቀን ያለቀው ፌብሩዋሪ 23 ነው። የእነሱ ደብዳቤ ገና ሲጻፍ ጊዜው አልፎበታል፤ ስለዚህ ገንዘቡን ከነጂው እንጂ ከእኔ ሊጠይቁ አይችሉም። ይህን ያወቅሁት ማንም የማይሸጠውን፣ በነጻ የሚነበበውን ሕግ ከፍቼ ቀን በጣቴ ስቆጥር ነው። ስድስት ወር ሙሉ የተኛሁበት መልስ መሳቢያው ውስጥ ነበር። በማርች ብነቃ ኖሮ በ28 ቀን ውስጥ ለኩባንያው አቤት ብዬ፣ ባይቀበለኝ ወደ ገለልተኛው ይግባኝ ሰሚ ልሄድ እችል ነበር፤ ይህ ዕድል አመለጠኝ።

ለወንድሜ ደወልሁለት። «እትዬ፣ ስሜን ስጫቸውና እኔ ልክፈል፤ ይለቁሽ» አለኝ። ማስታወቂያው በጊዜው ቢደርስ ኖሮ ስሙን ሰጥቼ ራሱ እንዲወጣው እተው ነበር ብዬ አስባለሁ። የነጂውን ስም የመናገር ግዴታ ግን የለብኝም፤ ዝም ማለት እችላለሁ፣ የምናገረው ግን እውነት መሆን አለበት። መኪናዋን ማንም አልነዳትም ወይም አላውቅም ብዬ ብጽፍ ኖሮ ዛሬ ከካህን ፊት የምናዘዘው ሌላ ነገር ይኖረኝ ነበር። ጠበቆቹ የመኪናዋ ባለቤት ራሷ ነጂ እንደነበረች ይገመታል ሲሉ ጽፈዋል፤ እኔም በደብዳቤዬ ነጂዋ እኔ እንዳልነበርሁ፣ ማን እንደነበረም እንደማልገልጽ በግልጽ ጻፍሁ።

ደብዳቤው ላይ የአራት ሰዓት ሥራ ፈሰሰ። መጀመሪያ የጻፍሁት ቁጣ ብቻ ስለነበር ቀደድሁት። ሁለተኛው አጭር ሆነ። ዕዳውን እንደማልቀበል በቅጹ ላይ አመለከትሁ፤ የማስታወቂያውን ቀንና የሕጉን 14 ቀን ጎን ለጎን አስቀመጥሁ። ባለመብቶች ናቸው ቢባል እንኳ ከመኪናው ባለቤት የሚጠየቀው ገንዘብ መጀመሪያ በደረሰው ማስታወቂያ ላይ ከተጻፈው እንደማይበልጥ ጠቅሼ ስለተጨመረው ሰባ ፓውንድ ማብራሪያ ጠየቅሁ። የማስታወቂያ ሰሌዳዎቹን ፎቶ፣ ከመሬቱ ባለቤት ጋር ያላቸውን ውልና ማስታወቂያው የተላከበትን ማስረጃ እንዲልኩልኝም አመለከትሁ፤ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት በደንቡ መሠረት እነሱም 30 ቀን አላቸው።

ይከሱኛል? ሊከሱ ይችላሉ፤ ዕዳውም እስከ ስድስት ዓመት በይርጋ አይታገድም። ከከሰሱ የሚመጣው ቅጽ የፍርድ ቤት ማኅተም ይኖረዋል፤ እሱን ደግሞ አባቴም ወረቀት ነው ይለው ነበር።

ሳልረሳው ልጻፈው፤ በዲሴምበር የቤት ኪራይ ውሌ ያልቃል። እንግዲህ ስድስት ወር ፖስታቸውን የሸሸሁት ሰው አዲሱን አድራሻዬን በገዛ እጄ ጽፌ ልልክላቸው ነው። ለዚያ የሚሆን ፖስታ ዛሬ ደርቤ ገዝቻለሁ፤ ቴምብሩ ተለጥፎበት ከባዶው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።