ከ1,140 ፎንቶች ወደ 38

ጽሑፍ በመተርጎምና ትንንሽ መጻሕፍትን ለኅትመት በማሰናዳት የሚተዳደር ሰው ፎንት ማጠራቀም ሳያስበው ልማድ ይሆንበታል። እኔም ለዓመታት ያየሁትን ሁሉ ሳወርድ፣ አንዱን ለርዕስ፣ ሌላውን ለሽፋን፣ ሌላውን ደግሞ «አንድ ቀን ያስፈልገኛል» እያልሁ ስጭን ከረምሁ። አሮጌው ኮምፒውተሬ መንቀራፈፍ ሲጀምር አዲስ ገዛሁና የፎንት ፎልደሩን እንዳለ በፍላሽ ገልብጬ አሻገርሁት። 1,140 ፋይሎች ነበሩ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መርጬ በቀኝ ክሊክ «ጫን» የሚለውን ተጫንሁ። ኮምፒውተሩ በየመካከሉ እየቆመ «ይህ ፎንት ቀድሞ ተጭኗል፤ ይተካ?» እያለ ሲጠይቀኝ፣ የትኛው በየትኛው እንደሚተካ ሳልመለከት «አዎ» እያልሁ አሳለፍሁት።

በሳምንቱ፣ ቀደም ሲል ጨርሼ ያስቀመጥሁትንና ለሁለተኛ ጊዜ ሊታተም የነበረውን ባለ 64 ገጽ መጽሐፍ ስከፍት 67 ገጽ ሆኖ ጠበቀኝ። አንዲት ፊደል አልነካሁም ነበር። ሆኖም አንቀጾቹ ወደ ታች ተንሸራተዋል፤ ከሥዕሎቹ ሥር የነበሩት መግለጫዎች ወደ ቀጣዩ ገጽ አልፈዋል፤ በእጄ የሞላሁት ማውጫም ከምዕራፎቹ ጋር ተለያይቷል። ገጹን አጉልቼ ስመለከት ደግሞ ሌላ ነገር አስተዋልሁ። «ኋላ» በሚለው ቃል ውስጥ «ላ» ቀጭንና ለስላሳ ሆና ሳለ «ኋ» ወፍራም፣ እግሯም ከመስመሩ ዝቅ ያለ፣ ከሌላ ቤት በውሰት የመጣች ትመስል ነበር። «ቋንቋ» ላይም እንዲሁ በሁለት ወፍራም ፊደላት መካከል «ን» ብቻዋን ቀጥና ቆማለች።

ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አንድ ሰነድ በተለመደው መንገድ ሲቀመጥ በውስጡ የሚይዘው የፊደላቱን መለያ ቁጥርና የፎንቱን ስም ብቻ ነው። የፊደላቱ መልክ፣ የእያንዳንዳቸው ስፋት፣ በመስመርና በመስመር መካከል የሚተወው ክፍተት፣ ይህ ሁሉ የሚመጣው ሰነዱ በተከፈተበት ኮምፒውተር ላይ ከተጫነው የፎንት ፋይል ነው። የፎንቱ ስምና የእትሙ ቁጥር የተጻፉት ደግሞ በፋይሉ ሆድ ውስጥ ስለሆነ፣ የፋይሉን ስም ብንለውጥ ፕሮግራሞች የሚያዩት ስም አይለወጥም። እኔ ዘንድ በመጽሐፉ የተጠቀምሁበት ፎንት በሦስት የተለያዩ የፋይል ስሞች ተቀምጦ ነበር። ሦስቱን በየተራ ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጌ በቅድመ እይታው መስኮት አናት ላይ የሚታየውን የእትም ቁጥር ሳነብ፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ ሦስተኛው ግን ከእነርሱ የቆየ መሆኑን አየሁ። በ«አዎ»ዬ መጨረሻ ላይ የተጫነው ይህ የቆየው ነበር። የመስመር ክፍተቱ ሰፋ ያለ ስለሆነ ገጾቹን አበዛ፤ እንደ «ኋ» እና «ቋ» ያሉት ፊደላት ስላልነበሩበትም ፕሮግራሙ እነርሱን ከሌላ ፎንት ተበድሮ ሞላ።

ይህ ብድር በጎም ክፉም ጎን አለው። ባይኖር ኖሮ በጎደሉት ፊደላት ምትክ ባዶ ሳጥን እናይ ነበር። የባለሙያዎቹ ቋንቋ እነዚህን ሳጥኖች «ቶፉ» ይላቸዋል፤ ጉግል ያሠራቸው የ«ኖቶ» ፎንቶች ስማቸውን ያገኙትም እነዚህን ሳጥኖች ከማስቀረት ዓላማ ነው። ነገር ግን ሳጥን ቢሆን ኖሮ ስሕተቱን በመጀመሪያው ቀን አየው ነበር። የተበደረ ፊደል ግን ይነበባል፤ ስለሚነበብም ዓይን ያልፈዋል።

ከዚህ በኋላ ሁሉንም ከሥሩ ለማስተካከል ወሰንሁና ወዲያው ሌላ ስሕተት ሠራሁ። ወደ ሲስተሙ የፎንት ፎልደር ገብቼ ስማቸውን የማላውቃቸውን እየመረጥሁ አጠፋሁ። ሲስተሙ ራሱ የሚጠብቃቸውን ባያስነካኝም፣ አንድ የምሠራበት ፕሮግራም ለራሱ ምልክቶች የሚጠቀምበትን ፎንት አብሬ ስላጠፋሁ፣ በማግስቱ በሰነዶቼ ውስጥ የዝርዝር ነጥቦች የነበሩት ሁሉ ትርጉም ወደሌላቸው ፊደላት ተለውጠው አገኘኋቸው። ፕሮግራሙን እንደገና እስክጭን ድረስ አልተመለሱም። ስለሆነም አሁን የምከተለው ደንብ፣ ከሲስተሙ ወይም ከፕሮግራም ጋር የመጣውን ሳልነካ ራሴ ያመጣሁትን ብቻ ማስተዳደር ነው። የትኛው የማን እንደሆነ ለመለየት የሚያስችለው ደግሞ የራስን ፎንቶች ዋና ቅጂ ከሲስተሙ ፎልደር ውጪ ማኖር ነው።

ለዚህም በሰነዶቼ መካከል አንድ ፎልደር ከፍቼ በውስጡ ለየፎንቱ ቤተሰብ የየራሱን ክፍል ሰጠሁ። በየክፍሉ የወረደውን ዚፕ ሳይፈታ፣ የተፈታውን ፋይል፣ ከእርሱም ጋር የመጣውን የፈቃድ ጽሑፍ አስቀምጣለሁ። የፈቃዱን ጽሑፍ ማንበብ አሰልቺ ቢመስልም በክፍያ ለሚሠራ ሰው አይታለፍም። እንደ ኖቶ እና ኤስ.አይ.ኤል በተባለው የቋንቋ ድርጅት እንደተዘጋጀው አቢሲኒካ ያሉት በክፍት የፎንት ፈቃድ የወጡ ስለሆኑ ለንግድ ሥራም ቢሆን መጠቀም፣ መገልበጥና ከሰነድ ጋር ማያያዝ ይፈቀዳል፤ የማይፈቀደው ፎንቱን ለብቻው መሸጥ ነው። ሌሎች ብዙዎች ግን «ለግል ጥቅም ብቻ» የሚል ቃል ይዘዋል፤ ምንም ቃል የሌላቸውም ነበሩ። የኋለኞቹን፣ አንዳንዶቹን እየወደድኋቸው፣ ሁሉንም ተውኋቸው።

የቀሩትን ለመምረጥ የጠቀመኝ አንዲት የመፈተኛ ገጽ ናት። በላይዋ ላይ ሙሉውን የፊደል ገበታ ከ«ሀ» እስከ «ፖ» ጻፍሁ። ቀጥሎ ቋ፣ ኋ፣ ኳ፣ ጓንና እንደ ሟ፣ ቧ፣ ቷ፣ ጧ ያሉትን ደረደርሁ። ከዚያ ከ፩ እስከ ፼ ያሉትን ቁጥሮች፣ ሁለት ነጥብን፣ አራት ነጥብን፣ ነጠላና ድርብ ሰረዝን፣ ትእምርተ ጥቅስን፣ ቅንፍን፣ በመጨረሻም የተለመዱትን ቁጥሮችና ጥቂት የላቲን ፊደላትን ጨመርሁ። ገጿን በየፎንቱ እያለበስሁ በ9፣ በ11 እና በ14 መጠን አተምኋት። በስክሪን ላይ ማየት አይበቃም። በስክሪን ላይ ያማረ ሁሉ በወረቀት ላይ በ9 መጠን ሲወርድ «ው»ን ከ«ዉ»፣ «ጹ»ን ከ«ጺ» ለመለየት የሚያስቸግር ሆኖ ያገኘሁት ብዙ ጊዜ ነው። በዚህ ፈተና ብቻ ከመቶ የሚበልጡት ወደቁ፤ አብዛኞቹ የጎደላቸው የግእዝ ቁጥሮች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ድርብ ሰረዝ አልነበራቸውም። አንዱ እጅግ የሚያምር ፎንት «ፐ»ን ፈጽሞ ረስቷታል።

ስለ ቦልድም ትምህርት ያገኘሁት ከዚሁ ገጽ ነው። አንድ ፎንት የራሱ ደማቅ ፋይል ከሌለው፣ የቦልድ ቁልፍ ሲጫኑ ፕሮግራሙ መደበኛውን ፊደል ራሱ ያወፍረዋል። በላቲን ፊደል ይህ ብዙም አያስከፋ ይሆናል። በእኛ ፊደል ግን የ«ሜ»፣ የ«ቴ» እና የ«ሴ» ትንንሽ ቀለበቶች ይደፈናሉ፤ «ፀ»ም በመካከሏ የሚያልፈው መስመርና ክቧ ተጣብቀው ወደ ጥቁር ነጥብ ትቀርባለች። ስለዚህ ደማቅ ፋይሉ ለብቻው የተሠራለትን ፎንት ለዋና ጽሑፍ፣ ሌላውን ለርዕስ ብቻ እጠቀማለሁ። ፊደልን ወደ ጎን ማዝመምን በተመለከተ፣ የግእዝ ፊደል የራሱ የሆነ የተዘመመ መልክ ስላልነበረው፣ ኮምፒውተሩ የሚያደርገው ቅርጹን መግፋት ብቻ ነው፤ እኔ አጽንዖት የምሰጠው በደማቅ ወይም በትእምርተ ጥቅስ ነው፤ ደንበኛ ካላስገደደኝ በቀር አላዘምም።

መጫኑ ራሱ ቀላል ነው። ዚፑን መፍታት፣ ፋይሉን በቀኝ ክሊክ መጫን፣ ከዚያም ብዙ ፕሮግራሞች የፎንት ዝርዝሩን የሚያነቡት ሲነሡ ስለሆነ የተከፈተውን ፕሮግራም ዘግቶ መክፈት። በዊንዶውስ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ከ2018 ወዲህ በወጡት የዊንዶውስ 10 እትሞች «ጫን» ማለት ለዚያ ተጠቃሚ ብቻ መጫን መሆኑ ነው። እኔ የምጠቀምበት አንድ ቆየት ያለ የገጽ ማቀናበሪያ በዚህ መንገድ የተጫኑትን ስለማያይ፣ ተጭኗል በተባለ ፎንት ዙሪያ ግማሽ ቀን ስማስን ቆይቼ፣ መፍትሔው «ለሁሉም ተጠቃሚዎች ጫን» የሚለውን መምረጥ ሆነ። በተጨማሪም ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ከሲስተሙ ጋር ይመጣ የነበረው ኒያላ የተባለው የግእዝ ፎንት በዊንዶውስ 10 በአማራጭነት የሚጫን ሆኗል፤ ዋናው የግእዝ ፎንት ኤብሪማ ነው። በኒያላ የተጻፈ አሮጌ ሰነድ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ መልኩ ቢለወጥባችሁ፣ ከየትም ማውረድ ሳያስፈልግ፣ በሴቲንግ ውስጥ ካሉት አማራጭ ጭማሪዎች መካከል ለግእዝ ፊደል የተዘጋጀውን መጫን ይበቃል። በማክ ላይ የፎንት መጽሐፍ የሚባለው ፕሮግራም ፋይሉን መርምሮ ጉድለቱን ይናገራል፤ ተመሳሳዮችንም ያሳያል። በሊኑክስ ላይ በራስ መነሻ ማውጫ ሥር ባለው የፎንት ፎልደር ውስጥ አስቀምጦ ሲስተሙ የያዘውን የፎንት ዝርዝር (ካሹን) ማደስ ነው።

ሰነድ ወደ ሌላ ሰው ሲሄድ ደግሞ የፎንቱ ጉዳይ እንደገና ይነሣል። አንድ ማተሚያ ቤት የላክሁለትን የዎርድ ፋይል ከፍቶ ፎንቱ ስለሌለው በሌላ ተክቶ አትሞት ያውቃል፤ ጥፋቱ ግን በከፊል የእኔ ነው፤ ፎንቱን አላያያዝሁለትም ነበር። ዎርድ ፎንትን በፋይሉ ውስጥ የማካተት ምርጫ አለው፤ ምርጫው በአማራጮቹ ውስጥ ስለ ማስቀመጥ ከሚናገረው ክፍል ይገኛል። ሆኖም ሠሪው ማካተትን የሚከለክል ምልክት በፎንቱ ውስጥ ካኖረ አይሠራም። ስለዚህ ለኅትመት የምልከው ፒዲኤፍ ነው፤ ከመላኬም በፊት የፋይሉን መግለጫ ከፍቼ በፎንቶች ዝርዝር ውስጥ ከእያንዳንዱ ስም ጎን «ተካቷል» የሚል ቃል መኖሩን አያለሁ። በዝርዝሩ ውስጥ ያልጠበቅሁት የፎንት ስም ካለ አንድ ቦታ ላይ ፊደል ተበድሯል ማለት ነው። የ«ኋ»ን ዓይነት ችግር አሁን የምይዘው በዚህ ነው።

እጅግ የከበደኝ ከዩኒኮድ፣ ማለትም ለየፊደሉ የራሱን መለያ ቁጥር ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ በፊት የተጻፉት ሰነዶች ናቸው። የግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው 256 ቦታ ብቻ ሲሆን፣ ከዚያም ላይ ለመቆጣጠሪያ የተያዙት ይቀነሳሉ። 33 ፊደላት በ7 ሲባዙ ብቻ 231 ስለሚሆኑ፣ እንደ «ቋ» እና «ሟ» ያሉት ዲቃሎችና ቁጥሮቹ ሲጨመሩ አይበቃም። ስለዚህ ሠሪዎቹ ገበታውን በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ ፎንቶች ከፋፈሉት፤ አለዚያም ፊደሉን ከቁርጥራጭ ቀጣጥለው አወጡት። ኮምፒውተሩ በዚያ ሰነድ ውስጥ የሚያውቀው የላቲን ፊደላትን ነው፤ የግእዝ መልክ የሚያለብሳቸው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ሲጠፋ የሚቀረው የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ነው።

ከእነዚህ ሰነዶች የአንዱን ጽሑፍ፣ ለዚያ አሮጌ አቀማመጥ የተሠራ መቀየሪያ አግኝቼ ወደ ዩኒኮድ ስለውጠው፣ መጀመሪያ ወደ ተራ የጽሑፍ ፋይል ገለበጥሁት። ይህን ማድረግ አልነበረብኝም። በተራ ጽሑፍ ውስጥ የፎንት ስም ስለማይቀር፣ የትኛው ላቲን በእርግጥ ላቲን፣ የትኛው ደግሞ ግእዝ ለባሽ እንደሆነ የሚለይ ምልክት ጠፋ፤ በጽሑፉ ውስጥ የነበሩት የእንግሊዝኛ ስሞች ሁሉ ትርጉም የለሽ የግእዝ ፊደላት ሆነው ወጡ። በሁለተኛው ሙከራ የዎርዱን ፋይል እንዳለ ለመቀየሪያው ስሰጠው አብዛኛው በትክክል ተለወጠ። የዚያን አሮጌ ፎንት ፋይል ያገኘሁት፣ ምን ይሆናል ብዬ ልጥለው ከነበረው ከ1,140ው ክምር ውስጥ መሆኑን መሸሸግ አይገባኝም። አሁን እንደ እርሱ ያሉት «የድሮ ሰነድ» በሚል ፎልደር ተቀምጠዋል፤ ሲያስፈልጉ ይጫናሉ፣ ሥራው ሲያልቅ ይነሣሉ፤ ዘወትር ተጭነው የሚኖሩት 38 ብቻ ናቸው።

ሌላው ሰነድ በሁለት ፎንቶች የተጻፈ ነበር፤ ዋናውን አገኘሁት፤ ዲቃሎቹን የያዘው ሁለተኛው ግን በክምሩ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ «ቷ» ወይም «ሟ» ሊሆን በሚገባው ቦታ ሁሉ የቅንፍና የኮከብ ምልክት ቆሟል። ሰነዱ 19 ገጽ ነው፤ ቃሉን ከዐረፍተ ነገሩ እየገመትሁ በእጄ እሞላለሁ፤ እስካሁን ሰባተኛው ገጽ ላይ ደርሻለሁ።