የእናቴ የአጥንት ኪኒን

ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 9

እናቴ ባለፈው ሳምንት ደጃፉ ላይ አዳልጧት ቁርጭምጭሚቷን ራጅ ተነሣች። አጥንቱ ደህና ነበር፤ ነገር ግን ከጎኑ ሁለት ቀጫጭን ነጭ መስመሮች እንደ ባቡር ሐዲድ ትይዩ ሆነው ይወርዱ ነበር። ሐኪሙ የደም ሥሯ ግድግዳ ካልሲየም እንደተጠራቀመበት፣ ይህም ስኳር ለረጅም ዓመታት አብሯቸው በኖረና ኩላሊታቸው በደከመ ሰዎች ላይ በብዛት እንደሚታይ ነገረን።

እኔ ወዲያው በማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር አሰብሁ። እናቴም «እንግዲያው ወተቱንና ጎመኑን ልተዋ!» አለች። ሁለታችንም ተሳስተን ነበር። ካልሲየሙ ዝም ብሎ የሚዘቅጥ አተላ አይደለም፤ በደም ውስጥ ፎስፌት የተባለው ማዕድን ሲበዛ የደም ሥሩ የጡንቻ ሕዋሳት ራሳቸው ጠባያቸውን ለውጠው እንደ አጥንት ሠሪ ሕዋሳት መሥራት ይጀምራሉ። ሰውነት ይህን የሚከለክሉ ፕሮቲኖች አሉት፤ ከእነርሱ አንዱ ሥራውን ለመሥራት ቫይታሚን ኬ ይፈልጋል፣ እርሱም በጎመን ውስጥ ሞልቷል። በ1997 እ.ኤ.አ. ያለዚህ ፕሮቲን እንዲወለዱ የተደረጉ አይጦች የደም ሥራቸው እንደ አጥንት ጠንክሮ በሁለት ወር ውስጥ ማለቃቸውን በኋላ አነበብሁ። ያም ሆኖ የቫይታሚን ኬ እንክብል በሰው ላይ ሲሞከር የታሰበለትን ያህል ስላልሆነ፣ በጎመኑ መቆየቱን መረጥን። (ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር የጎመኑን መጠን እንዳይለዋውጥ።)

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ያለበትን ኪኒን «ለአጥንትሽ ነው» ብዬ፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ ከባሕር ዳር እየገዛሁ ሁለት ዓመት ያስዋጥኋት እኔ ነኝ። ከምግብ የሚገኘው ካልሲየም ቀስ እያለ ሲገባ፣ ኪኒኑ ግን በደም ውስጥ ያለውን መጠን በአንድ ጊዜ ከፍ ያደርገዋል፤ የደከመ ኩላሊት ደግሞ ፎስፌቱን በሚገባ አያስወግድም። ሐኪሙ ጥፋቱን በኪኒኑ ላይ ብቻ አላሳበበም፤ ስኳሯንና ግፊቷን መቆጣጠር እንደሚቀድም፣ የተጋገረው ባይለቅም መባባሱን ማዘግየት እንደሚቻል ነግሮን፣ የካልሲየምና የፎስፌት ምርመራ አዞ ኪኒኑን አስቆማት። ዘመድ ለጥየቃ ይዞት የሚመጣውን ጥቁር ለስላሳም ከለከላት፤ ከስኳሩ ሌላ በሰውነት ውስጥ ፎስፌት የሚሆን ፎስፎሪክ አሲድ አለበትና። እንግዳን «መልሰህ ውሰደው» ማለት ግን ለእርሷ ከሕመሙ ይከብዳታል።

ዛሬ ቡና ላይ የተረፉትን ሁለት ብልቃጦች አንሥታ «ጎረቤታችን ጉልበቷን ያማታል፣ ለእርሷ ልስጣት» አለችኝ። ሦስተኛው እስኪፈላ ጠብቄ፣ ስኒውን ልታጥብ ስትነሣ ሁለቱንም ኪሴ ከተትኋቸው።