ከምድጃው በላይ ያለው፦ የጭስ ማውጫ ፍተሻ ስማር የከረምኩበት አራት ወር

ነገሩ የጀመረው ቤት ልንገዛ ስንል ነው። ቤቱን ባየን ቀን የባለቤቴም የእኔም ልብ የቀረው ሳሎኑ ውስጥ ያለው የጡብ ምድጃ ላይ ነበር። ኦፈር (የመግዣ ሐሳብ) አስገባን፣ ተቀበሉን፣ የቤት ኢንስፔክተር ቀጠርን። ሪፖርቱ ከአርባ ገጽ በላይ ነው። ስለ ምድጃው የተጻፈው ግን ሁለት መስመር ብቻ። «ምድጃው በሚታየው ክፍሉ ደህና ነው። የጭስ ማውጫው ውስጡ አልታየም፤ በባለሙያ ይፈተሽ።» የመጀመሪያውን አንብቤ ደስ አለኝ። ሁለተኛውን ዘለልኩት። ይሄን ሁሉ የምጽፈው በዚያች በዘለልኳት መስመር ምክንያት ነው።

ኢንስፔክተሩ ጥፋት የለበትም፣ ይሄን ቶሎ ልበል። አጠቃላይ የቤት ፍተሻ ጣሪያውን፣ መብራቱን፣ ውሃውን፣ መሠረቱን በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሚያይ ሥራ ነው። የሚያየውም ሳይፈታና ሳያፈርስ ዓይን የሚደርስበትን ነው። የጭስ ማውጫው ሆድ ከዚያ ውጭ ነው። ከምድጃው አፍ ባትሪ ይዞ ወደ ላይ ቢያበራ ትንሽ ያያል፣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ወደ ታች ቢያበራም ትንሽ ያያል፣ መሃሉ ግን ጨለማ ነው። እኔን የያዘኝ እሱ መሃሉ ነው።

ስጀምር ጭስ ማውጫ ማስጠረግና ማስፈተሽ አንድ ነገር ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ጠራጊው ጥቀርሻውን ያወጣል። ፈታሹ ጥቀርሻው ከወጣ በኋላ ከሥሩ ምን እንዳለ ያያል። ሁለቱንም አንድ ሰው ሊሠራው ይችላል፣ ግን ሥራው ሁለት ነው። ሻጩ «አምና አስጠርጌዋለሁ» ቢላችሁ ጥሩ ነገር ነው፤ የጠየቃችሁትን ግን አልመለሰም።

አሜሪካ ውስጥ ባለሙያዎቹ የሚመሩበት ደንብ ኤንኤፍፒኤ 211 ይባላል። ያወጣው በ1896 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ነው። ፍተሻን በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል። ደረጃ 1 የየዓመቱ ነው። ምንም ነገር ሳይቀየር፣ በዚያው ምድጃ፣ በዚያው ማገዶ ለምትቀጥሉ ሰዎች፣ በቀላሉ የሚደረስበትን ማየት ነው። ደረጃ 3 ደግሞ ማፍረስ ያለበት ነው፤ የተደበቀ አደጋ ሲጠረጠርና ግድግዳ ወይም ጡብ ሳይነሳ ማየት ሳይቻል ሲቀር ብቻ ይደረጋል።

ለእኛ የሚሆነው ውስጡን በካሜራ የሚያየው ደረጃ 2 ነው። ደንቡ ቤት ሲሸጥ ወይም ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ይሄኛው ይደረግ ይላል። የማገዶው ዓይነት ሲቀየር፣ የውስጥ ሽፋኑ ሲታደስ፣ የተለየ ዓይነት ምድጃ ሲገጠም፣ ወይም ጭስ ማውጫው ውስጥ እሳት ከተነሳ፣ የመሬት መንቀጥቀጥና ከባድ ማዕበል ካለፈ በኋላም እንደዚሁ። መጀመሪያ ላይ ቤት መሸጥ ከመሬት መንቀጥቀጥ ጋር አብሮ መጻፉ ገርሞኝ ነበር። ሳስበው ግን ልክ ነው። ያለፈው ባለቤት በዓመት ሁለት ቀን ብቻ ያነድ ይሆናል፣ እናንተ ብርዱ እስኪያልፍ ሌት ተቀን ልታነዱ ትችላላችሁ። ሁለት ቀን የቻለ ስንጥቅ ሁለት ወር ላይችል ይችላል። የቤቱን ታሪክም የሚያውቀው ሰው ቁልፉን አስረክቦ ይሄዳል።

ካሜራው የመጣበትን ቀን በደንብ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙውን የተማርኩት በዚያ ሁለት ሰዓት ነው። ሰውየው መጀመሪያ ወለሉ ላይ ሸራ ዘረጋ። ከዚያ ጠረገ። ሳይጠረግ ካሜራ ማስገባት ዋጋ የለውም፣ ጥቀርሻው ስንጥቁን ይሸፍነዋል። ከዚያ በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ መብራት ያለው ትንሽ ካሜራ ከምድጃው ወደ ላይ ቀስ እያለ ሰደደው፣ እኛ ስክሪኑን እያየን። የኛ ጭስ ማውጫ ውስጡ የሸክላ ቧንቧ ነው፤ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ሸክላዎች አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድረው መጋጠሚያቸው በልዩ ጭቃ ተሞልቷል። ካሜራው በየመጋጠሚያው እየቆመ ዙሪያውን ይዞራል። አንደኛው ሸክላ ደህና። ሁለተኛው ደህና። አራተኛው ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደ ቀጭን ጥቁር መስመር ታየን። ባለቤቴ «ፀጉር ነው?» አለች። ፀጉር አልነበረም። ከሱ በላይ ያለው መጋጠሚያ ጭቃው ወድቆ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ሆኗል።

ሰውየው ካሜራውን አቁሞ አንድ ነገር አሳየን። በሸክላው ላይ ከመጥረጊያው የተረፈ፣ ያበጠና እንደ ማር ሰፈፍ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ ጥቁር ነገር። ዳምፐሩም፣ ማለትም የጭስ መንገዱን የሚዘጋው የብረት ክዳን፣ ጎበጥ ብሏል። እነዚህ ሁለቱ ከተሰነጠቀው ሸክላ ጋር ሲደመሩ ጭስ ማውጫው ውስጥ አንድ ቀን እሳት ተነስቶ እንደነበር ይናገራሉ። ሻጮቹ ስለዚህ ምንም አላሉም፤ ባያውቁም አልፈርድባቸውም። አንዳንዱ የጭስ ማውጫ እሳት እንደ ባቡር እየጮኸ ነበልባሉን በጣሪያ ያወጣል፣ ሌላው ግን አየርና ማገዶ ስለሚያንሰው ዝግ ብሎ ይነድና ማንም ሳያውቀው ይጠፋል። ጉዳቱ ግን ይቀራል።

እዚህ ጋ ስለ ክሪዮሶት፣ ማለትም የእንጨት ጭስ ግድግዳው ላይ ስለሚተወው ጥቁር ዝቃጭ፣ ማንበብ ጀመርኩ፤ ሦስት ሳምንት አልወጣሁበትም። እንጨት ሙሉ በሙሉ ካልነደደ በጭሱ ውስጥ ያልተቃጠለ ጋዝና ቅጥራን ይዞ ይወጣል። ጭሱ ወደ ላይ ሲሄድ ይቀዘቅዛል። ወደ 120 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በታች ሲወርድ ያ የያዘው ነገር ግድግዳው ላይ መጣበቅ ይጀምራል፣ ልክ የሞቀ ትንፋሽ ቀዝቃዛ መስታወት ላይ እንደሚጤዝ። መጀመሪያ በመጥረጊያ የሚረግፍ ልል ጥቀርሻ ነው። ቀጥሎ የሚያብረቀርቅና ጠንከር ያለ ቅርፊት ይሆናል። መጨረሻ ላይ የቀለጠ ሬንጅ መስሎ ግድግዳውን ይለብሰዋል፣ ያኔ በተራ መጥረጊያ አይነቀልም። ይሄ ነገር አንዴ እሳት ከያዘው ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ይችላል። ሸክላው ደግሞ እንዲህ ያለ ድንገተኛ ሙቀት አይወድም፣ ይሰነጠቃል። እርጥብ እንጨት፣ አየር ታፍኖ የሚነድ እሳት፣ ከቤቱ ውጭ ግድግዳ ላይ ተሠርቶ በሦስት በኩል ብርድ የሚመታው ጭስ ማውጫ፣ እነዚህ ሁሉ ክሪዮሶቱን ያበዙታል።

የተሰነጠቀ ሸክላ ምን አለበት ያላችሁ እንደሆነ፣ እኔም ብያለሁ። ከውጭ ጡብ አለ አይደል? ለዚህ መልሱን ያገኘሁት አቲክ ውስጥ፣ ከኮርኒሱ በላይ ነው። ደረጃ 2 እዚያም መውጣትን ይጨምራል፣ ቤቱ ሥርም መግባትን። ጭስ ማውጫው በቤቱ ውስጥ ሲያልፍ በጡቡና በእንጨቱ መካከል 2 ኢንች፣ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ባዶ ቦታ መኖር አለበት። ከቤቱ ውጭ ላለ 1 ኢንች ይበቃል። የኛ ጋ አንዱ ወራጅ እንጨት ጡቡን ነክቶት ቆሟል። እንጨት ለዓመታት ሲሞቅ ጠባዩ ይቀየራል፤ ቀስ በቀስ እየከሰለ ይሄድና ድሮ ሊያቀጣጥለው በማይችል ሙቀት መቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ስንጥቁ ለብቻው፣ እንጨቱም ለብቻው እያንዳንዳቸው ችግር ናቸው፤ በአንድ ከፍታ ላይ ሲገናኙ ግን ቤት ያቃጥላሉ። ይሄ ሲገባኝ እጄ ቀዝቅዞ ነበር። ልጆቹ የሚተኙበት ክፍል ከዚያው ግድግዳ ጀርባ ነው።

ስለ ውሃ ብዙ አልልም፣ ግን አትርሱት። ጡብ ውሃ ይጠጣል፣ የጠጣው ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋና ፊቱን ያረግፈዋል። ስለዚህ አናቱ ላይ ያለው የሲሚንቶ ክዳን መሰንጠቁን፣ ዝናብና ወፍ የሚከላከለው ካፕ መኖሩን፣ ጣሪያውና ጡቡ የሚገናኙበት ቆርቆሮ አለመነሳቱን አስዩ። ከውጭ ጡቡ ላይ ነጭ ዱቄት ካያችሁ ውሃ እየገባ ጨው ይዞ እየወጣ ነው ማለት ነው። ቁመቱንም ለኩ፦ ጣሪያውን ከሚበሳበት ቢያንስ 3 ጫማ ከፍ ማለት አለበት፣ በ10 ጫማ ዙሪያ ካለ ማንኛውም ነገርም በ2 ጫማ መብለጥ አለበት። ካጠረ ጭሱ ወደ ቤት ሊመለስ ይችላል።

«እኛ እንጨት አናነድም» ለምትሉም አንድ ነገር አለኝ። የጋዝ ማሞቂያና የውሃ ማሞቂያ በብዙ ቤት የሚተነፍሱት በዚያው ጭስ ማውጫ ነው። የቀድሞው ባለቤት ማሞቂያውን በአዲስ ቆጣቢ ማሽን ቀይሮት፣ አዲሱ በፕላስቲክ ቧንቧ በግድግዳ በኩል እንዲወጣ ተደርጎ ከሆነ፣ የውሃ ማሞቂያው ብቻውን ለሁለት በተሠራ ሰፊ ጭስ ማውጫ ይቀራል። ትንሿ ሙቀት ያን ሁሉ ማሞቅ ያቅታታል። ጭሱ አይነሳም፣ እንፋሎቱ አሲድ ይዞ ውስጡን ይበላዋል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድም ወደ ቤት ሊመለስ ይችላል። ይሄ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ጠቋሚ መሣሪያ ግዙ፣ ጭስ ማውጫውንም አስፈትሹ።

አሁን ስለ ጊዜው። ፍተሻው መደረግ ያለበት ውሉ ከፍተሻ በኋላ ለመደራደር ወይም ለመውጣት በሚፈቅድላችሁ ቀናት ውስጥ ነው፤ እነሱ ደግሞ ጥቂት ናቸው። ባለሙያው በብርድ ወቅት ሥራ ይበዛበታል። ስለዚህ ኦፈሩ ተቀባይነት ባገኘ ዕለት ደውሉ። ስትደውሉ «ደረጃ 2 ነው የምፈልገው፣ በካሜራ፣ በጽሑፍና በፎቶ» በሉ። «ጭስ ማውጫ እዩልኝ» ካላችሁ ጠርጎ ሊሄድ ይችላል። እያንዳንዱ ፎቶ የትኛው ሸክላ፣ በየትኛው ከፍታ እንደሆነ ይጻፍበት። «ላይነሩ (የውስጥ ሽፋኑ) በሙሉ መቀየር አለበት» የሚል ሰው ስንጥቁን ያሳያችሁ። ካላሳያችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ሌላ ባለሙያ ጠይቁ፤ የሚፈትሸውም የሚጠግነውም አንድ ድርጅት ሲሆን ይሄ የበለጠ ያስፈልጋል።

ታላቅ ወንድሜ ደግሞ በተቃራኒው ቤቱን ሊሸጥ ነው። ይሄን ሁሉ ሳወራለት «እኔ ታዲያ ዝም ብል አይሻልም?» አለኝ። አይሻልም አልኩት። የገዢው ባለሙያ ስንጥቅ ያገኘ ቀን ቀኑ የገዢው ነው፣ አንተ ተቻኩለህ ባገኘኸው ሠራተኛ ታስጠግናለህ ወይ ከዋጋው ትቀንሳለህ። ማስታወቂያ ሳታወጣ ብታስፈትሸው ጊዜው ያንተ ነው። ጠራጊው የሰጠህን ደረሰኝ ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ አድርገው። ያወቅከውን ጉድለት ግን አትደብቅ፤ የሚገባበት ቤተሰብ አለ። ወንድሜም ለማስፈተሽ ተስማማ።

እኛ ቤቱን ገዛነው። ሪፖርቱን ከነፎቶው ለሻጮቹ ላክን፣ ኤጀንቶቹ አንድ ሳምንት ተመላለሱ፣ በመጨረሻ ሻጮቹ ከክሎዚንግ (ሽያጩ ከሚጠናቀቅበት ቀን) በፊት የተሰነጠቀው ሸክላ ውስጥ የስቴይንለስ ስቲል ላይነር አስገብተው ወራጁን እንጨትም አስቆረጡ። ደንቡን እንደገና ሳነብ አንድ ነገር አየሁ፦ ላይነር ሲታደስም ደረጃ 2 ይላል። ስለዚህ ላይነሩን ያልገጠመ ሌላ ሰው ቅዳሜ ካሜራውን ይዞ ይመጣል። የገዛሁትን እንጨት ባለፈው ፈልጬ ከመሃሉ በእርጥበት መለኪያ ለካሁት፤ 26 ከመቶ አለ፣ ከ20 በታች መውረድ አለበት። ከጎተራው ሥር በእንጨት ወለል ላይ ደርድሬዋለሁ፣ ከላይ ብቻ ሸፍኜ ጎኑን ለነፋስ ትቼ። ምድጃው እስካሁን አልተለኮሰም።