መቀስና ሙጫ
ትናንት ማታ የዋሽንግተን ዲሲን የፓንክ (ፈጣንና ጩኸት የበዛበት የሮክ ዓይነት) ሙዚቃ አነሳስ የሚተርክ ዘጋቢ ፊልም ስመለከት ታናሽ ወንድሜ «ይሄ ጩኸት ደግሞ ሙዚቃ ይባላል?» ብሎ ሳቀብኝ። ጩኸት መሆኑን አልካድኩም፤ እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ቲን አይድልስ የተባለው የታዳጊዎች ባንድ ሲበተን፣ አባላቱ ያጠራቀሟትን ጥቂት መቶ ዶላር ከመከፋፈል ይልቅ ሸክላ አሳተሙባት። ሽፋኑ እንዴት እንደሚሠራ ስላላወቁም የሌላ ሸክላ ሽፋን ገነጣጥለው፣ ቅርጹን አስምረው፣ እያንዳንዱን በመቀስ እየቆረጡ በሙጫ አጣበቁት። በሽፋኑ ፎቶግራፍ ላይ የሚታዩት እጆች ጀርባቸው ላይ ትልቅ ኤክስ ተጽፎባቸዋል፤ ይህም ለአካለ መጠን ያልደረሱ ታዳሚዎች ሙዚቃውን እንዲሰሙ፣ መጠጥ ግን እንዳይሸጥላቸው የሚደረግ ምልክት ነበር። ዲስኮርድ የተባለው አሳታሚ በዚህ ሥራ ተጀመረ። (ከዚያው ከተማ የወጡት ባድ ብሬይንስ የተባለው ባንድ ጥቁር አባላት፣ ራስታዎች ነበሩና፣ እ.ኤ.አ. የ1982 አልበማቸውን ሽፋን በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ማስዋባቸውን ሳላነሣ አላልፍም።) ዘፈን በስልክ ተቀርጾ በደቂቃዎች ውስጥ ዩቲዩብ ላይ በሚጫንበት በዛሬው ዘመን ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ሸክላውን የገዛ ሰው፣ ከጠመመው ጠርዝና ከተረፈው ሙጫ፣ የሠሩት እኩዮቹ መሆናቸውን ገና ሳያደምጥ ያውቅ ነበር ብዬ አምናለሁ።