ቁጭ ብሎ ልጅ ማጫወት

እኔ ፋብሪካ ውስጥ ቆሜ ነው የምውለው። ማታ ቤት ስደርስ የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ ቀኑን ሙሉ ተዘግቶባቸው የዋሉት የ4 ዓመቱ ልጄና የ3 ዓመቷ እህቱ ደግሞ እንደ ጥጃ ይቦርቃሉ። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ እኔ ልንገራችሁ፦ ልጅ እንዲሮጥ እናት መሮጥ የለባትም።

የሙአለ ሕፃናት መምህራቸው «አብራችሁ ሩጡ» ይላሉ። አልስማማም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ3 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ፣ ከዚያም ውስጥ 60ውን ጠንከር አድርጎ እንዲንቀሳቀስ ይመክራል፤ ያውም ቀኑን ሙሉ ተከፋፍሎ። የሚሮጠው ልጁ ነው።

ኩኩሉን ሶፋ ላይ ተጋድሜ፣ ዓይኔን በነጠላ ሸፍኜ ነው የማጫውታቸው። «ኩኩሉ!» ስል «አልነጋም!» እያሉ ከመጋረጃው ወደ አልጋው ሥር ይሯሯጣሉ፤ «ነጋ!» እስኪሉ እኔ አረፍኩ። ካልሲ ጠቅልሎ ሳፋ ውስጥ መወርወርም ጥሩ ነው፤ የሳተውን የሚለቅሙት እነሱ ናቸው። የከሰል ማንደጃው ግን አስቀድሞ ከቤት ይውጣ።

ያንገበገበኝ ሰኞ ማክሰኞ ነው። በኮንዶሚኒየማችን ግቢ ሲሚንቶው ላይ በከሰል ሳጥኖቹን ሣልኩላቸው። ልጄ ጠጠሩን ጥሎ በአንድ እግሩ ይዘላል፤ ትንሿ በሁለት እግሯ፣ ተፈቅዶላታል። እኔ ዱካ ላይ ተቀምጬ «መስመር ረገጥክ!» ማለት ብቻ። በማግስቱ የኮሚቴው ሰብሳቢ በሬን አንኳኩ።

«እህቴ፣ ግቢው የጋራ ነው፤ አታቆሽሹብን።»

«ጋሼ፣ የጋራ ከሆነ የልጆቹም ነዋ!»

ማመልከቻ ጻፊ ተባልኩ፤ ጻፍኩ። ፊርማ አሰባስቢ ተባልኩ፤ ከየፎቁ አሰባሰብኩ። ከዚያ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም እየተባለ ስብሰባው ሲገፋ፣ ልጆቹ ይጫወቱበት የነበረው ቦታ ላይ ፒክአፕ መቆም ጀመረ። የሚያንጠባጥበው ዘይት ሲሚንቶው ላይ ጥቁር ኩሬ ሠርቷል። እሱን ማንም ቆሻሻ አላለውም! ከሰሉን እኮ አንድ ባልዲ ውሃ ያጥበዋል። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ስለዚህ ለፈቃድ ደጅ አትጥኑ፤ ጎረቤት አስተባብሩ። እኛ እናቶቹ ተመካክረን፣ መኪናው ሳይመጣ ዱካችንን ይዘን ቦታው ላይ መቀመጥ ጀመርን። ልጆቹ መሃላችን ይዘላሉ። አንዲት እናት ብቻዋን ብትቀመጥ ያስነሷታል፤ ተሰብስበን ስንቀመጥ ግን ሰብሳቢውም «እንዴት አመሻችሁ» ብለው ያልፋሉ። በዚህ እኮራለሁ።

በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሳይጠና አስገቧቸው። ከእራት በኋላ ደግሞ ኩኩሉ አይሆንም፤ ሳቁ እንቅልፋቸውን ያባርረዋል። ለዚያ ሰዓት ካልሲው ይበቃል።