አዎ፣ ማንቲስ ነው የማሳድገው

እዚህ ጀርመን ውሻ አከራዬ አይፈቅድም፣ ድመት ደግሞ ያስነጥሰኛል። ስለዚህ ማንቲስ ያዝኩ፤ ፌንጣ የምትመስል፣ ሌሎች ነፍሳትን አድና የምትበላ ነፍሳት ናት። እናቴ በቪዲዮ ስታያት "አንቺ ልጅ፣ ይሄ ፌንጣ አይደለም እንዴ? ደግሞ በገንዘብ ገዛሁ እንዳትዪኝ" አለች። በገንዘብ ነው እማዬ፣ ያውም በፖስታ ነው የመጣችው።

የኔዋ ስፎድሮማንቲስ የሚሏት ትልቋ የአፍሪካ ማንቲስ ናት። አረንጓዴ፣ ወፍራም፣ ሆዳም። ለጀማሪ እሷ ትበቃለች። ሰው ግን ኢንተርኔት ላይ ፎቶ አይቶ የሚመኘው ሌላ ነው፤ ወይ አበባ የምትመስለውን የደቡብ ምሥራቅ እስያዋን ኦርኪድ ማንቲስ፣ ወይ ደግሞ ኢዶሎማንቲስ ዲያቦሊካን። ይቺ ሁለተኛዋ አገሯ የኛው ምሥራቅ አፍሪካ ነው፣ ኢትዮጵያም ውስጥ አለች። ሴቷ እስከ 13 ሳንቲሜትር ታድጋለች፣ ስትቆጣ የፊት እግሮቿን ወደ ላይ ዘርግታ ያላትን ቀለም ሁሉ ታሳያለች። ታምራለች፣ አልክድም። ግን ቀን ቀን ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀት ትፈልጋለች፣ የሚበር ነገር ካልሆነም መብላት አይሆንላትም። በክረምት ጀርመን ውስጥ ይሄን ለማሟላት ስትሉ ኑሯችሁ ማሞቂያና ዝንብ ብቻ ይሆናል።

የኔዋ በ25 ዲግሪ ደስ ብሏት ትኖራለች። በየቀኑ ወይ በየሁለት ቀኑ ትንሽ ውኃ እረጭላታለሁ፣ ጠብታውን ከመስታወቱ ላይ ትጠጣለች። ምግቧ ትንሽ ሳለች ፍራፍሬ ላይ የምታንዣብበው ደቃቃ ዝንብ፣ ስታድግ ደግሞ ትልልቅ ዝንብና ፌንጣ ነው። የዝንብ እጭ ዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ይገኛል፣ ቶሎ እንዳይፈለፈል ፍሪጅ ይገባል። (እናቴ ይሄኛውን አልሰማችም፣ አትንገሩብኝ።) ከደጅ የተያዘ ነፍሳት ግን አትስጧት፣ ፀረ ተባይ የነካው ሊሆን ይችላል።

ዋናው ጭንቅ ቆዳ ስትቀይር ነው። ኩብኩባዋ (ገና ያላደገችው ማንቲስ) እያደገች ስትሄድ ቆዳዋ ይጠብባትና ትጥለዋለች፣ ትልቅ እስክትሆን ድረስ ደጋግማ። ጊዜው ሲደርስ መብላት ታቆማለች። ያ ሁሉ ሆዳምነት ጠፍቶ ዝንብ አጠገቧ ሲያርፍ እሷው ትሸሻለች። የመጨረሻው ከሆነ ጀርባዋ ላይ ያሉት የክንፍ እምቡጦች ያብጣሉ። ከዚያ የሣጥኑን ክዳን በእግሮቿ ይዛ ቁልቁል ትዘቀዘቃለች። ከአንገቷ በስተኋላ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ደረቷና ጭንቅላቷ ይወጣሉ፣ ቀጥሎ እነዚያ ክር የሚያካክሉ እግሮች ከጓንት እንደሚወጣ ጣት አንድ በአንድ ሹልክ ይላሉ። ወደ ማብቂያው ላይ በሆዷ ጫፍ ብቻ ተንጠልጥላ ዝም ትላለች። ይሄኔ እኔም መተንፈስ አቆማለሁ። ትንሽ ቆይታ ወደ ላይ ትታጠፍና ያንኑ ባዶ ቆዳ ጨብጣ ትሰቀላለች፣ የተጨማደደው ክንፏም ቀስ እያለ ይዘረጋል።

መሀል ላይ ከወደቀች ብዙ ጊዜ አለቀላት ማለት ነው፣ ሰውነቷ ገና ለስላሳ ስለሆነ እንደተጣመመ ይደርቃል። ሣጥኑ ቁመቱ ቢያንስ የእሷን ሦስት እጥፍ ይሁን፣ ክዳኑም የምትቆነጥጠው መረብ ይኑረው የሚባለው ለዚህ ነው። ፌንጣም ውስጡ አትተዉ፣ በዚያ ሰዓት ፌንጣው ራሷን በላተኛዋን ይበላታል። ከዚህ ሌላ ሥራችሁ አለመንካት ነው። ልርዳት ያለ ሰው ነው የሚገድላት። እግር ቢጎድላት እንኳ በሚቀጥሉት ቅየራዎች መልሳ ታበቅላለች፣ የመጨረሻውን ካለፈች ግን የለም።

"ትወድሻለች?" ይሉኛል። ኧረ የት! ግን ታየኛለች። ክፍሉን ስዞር ጭንቅላቷን እያዞረች ትከተለኛለች፣ ሲመሽ ደግሞ አረንጓዴ ዓይኖቿ ጥቁር ይሆናሉ። እይታዋ እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም፤ 2016 ላይ የእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለማንቲሶች ደቃቅ የ3D መነጽር (ምስሉን የቀረበ የሚያስመስለውን) በንብ ሰም ለጥፈው ፊልም ሲያሳዩአቸው፣ ማንቲሶቹ በሁለቱ ዓይኖቻቸው አስተባብረው ርቀት እንደሚለኩ አረጋግጠዋል። ስክሪኑ ላይ ያለውን ነገር ቀርቧል ብለው ለመያዝ እጃቸውን ወርወር ያደርጉ ነበር።

ወንድ እንድፈልግላት የምትመክሩኝ አላችሁ። ወንዱን ልትበላው ትችላለች፣ እሱ ይቅር። እኔን የሚያስፈራኝ ከአንድ የእንቁላል ከረጢት መቶና ከዚያ በላይ ኩብኩባ ሊወጣ መቻሉ ነው፣ ካልለያያችኋቸው ደግሞ እርስ በርስ ይበላላሉ። አንዷ ትበቃኛለች፣ ዕድሜዋም ቢበዛ አንድ ዓመት አካባቢ ነው።

አሜሪካ ሆናችሁ "ላኪልን" ላላችሁኝም፣ የውጭ ዝርያ ለማስገባት እዚያ ከፌዴራሉ የግብርና መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። በቡናና በበርበሬ መሀል ደብቄ አልክም፣ ይቅርታ።